ሞዴሉ አህያዋን ረሳት

መቼስ በዚህች አገር ስብሰባ የማይጠራበት ጉዳይ የለም። ከጥቂት ጊዜ በፊት እኔም እንደ ሰው ተቆጥሬ በአንዱ ላይ ተገኝቼ ነበር። የጠሩኝን ሰዎች ስም አላነሳም፤ የሰው ቡናና ኬክ በልቶ በጋዜጣ ማማት ነውር ነው። ርዕሱ ረዥም ነው፤ ሲያጥር "እህል ከማሳ እስከ ገበያ የሚጓዝበትን መንገድ በሒሳብ ሞዴል ስለማቀድ" የሚል ነበር። አቅራቢው ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ምሁር ነው። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ግድግዳው ላይ ካርታ አበራ። ካርታው ላይ ነጥቦች ተዘርግተዋል፤ ነጥቦቹን መስመሮች ያገናኟቸዋል፤ በየመስመሩ ላይ ቁጥር ተቀምጧል። "ይህች ቢቸና ናት፣ ይህች ሞጣ፣ ይህ ደጀን፣ ይህ ባሕር ዳር፣ ይህ አዲስ አበባ" እያለ በቀይ ብርሃን ነካ ነካ አደረጋቸው። ከዚያ አንድ ቁልፍ ተጫነ። አንዳንዱ መስመር ወፈረ፣ አንዳንዱ ጠፋ። "ይኸው! ዝቅተኛው ወጪ ይህ ነው" አለን። አጨበጨብን።

እኔ ግን ዓይኔ ቢቸና ላይ ተተክሎ ቀረ። እጄን አወጣሁና "ይቅርታ፣ ጤፉ እዚያች ነጥብ ውስጥ እንዴት ገባ?" ስል ጠየቅሁ።

"ገበሬው ያመጣዋል" አለኝ።

"በምን?"

"ያው… በአህያም፣ በሸክምም።"

አዳራሹ ሳቀ። ወጣቱ ግን አልሳቀም፤ በትህትና "እሱ ከሞዴሉ ወሰን ውጪ ነው" ብሎኝ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ።

እኔ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ማለፍ አቃተኝ። ከሞዴሉ ወሰን ውጪ! የእነማይ ገበሬ፣ የሁለት እጁ እነሴ ገበሬ፣ ሌሊት ተነስቶ ጭኖ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዋልካ ረግጦ የሚመጣው ሰው ከወሰን ውጪ ነው ማለት ነው። ታዲያ ወሰኑ የሚጀምረው ከየት ነው? ከአስፋልቱ?

ውድ አንባቢያን፣ ሒሳብ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም የዚህ ሒሳብ ታሪክ ደስ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሌኒንግራድ ውስጥ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች የተባለ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ለአንድ የኮምፔንሳቶ ፋብሪካ ማሽኖቹን እንዴት ቢያሠማራቸው ብዙ ምርት እንደሚያገኝ ሲያሰላ፣ ዛሬ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባለውን ዘዴ አገኘ። ጀርመኖች ከተማዋን ከበው ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ በረዶ በሆነው የላዶጋ ሐይቅ ላይ የሚሄዱት መኪናዎች በስንት ሜትር ቢራራቁ በረዶው እንደማይሰበር ያሰላውም እሱ እንደሆነ ይነገራል። በወዲያኛው ወገን ደግሞ ቻሊንግ ኮፕማንስ በጦርነቱ ዘመን የንግድ መርከቦች ባዷቸውን የሚጓዙትን ጉዞ ለመቀነስ ይሠራ ነበር። ጆርጅ ዳንትዚግ የአሜሪካን አየር ኃይል እያገለገለ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲምፕሌክስ የሚባለውን የማስሊያ መንገድ አወጣ። ካንቶሮቪችና ኮፕማንስ እ.ኤ.አ. በ1975 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ዳንትዚግን ረሱት። (መርሳት እንግዲህ የትም አለ።)

ሒሳቡ ምን እንደሚሠራ በእኛው አገር ላሳያችሁ። ጥናት አይደለም፣ ምሳሌ ነው። ቢቸና 600 ኩንታል፣ ሞጣ 400 ኩንታል ጤፍ አለ እንበል። አዲስ አበባ 600፣ ባሕር ዳር 400 ይፈልጋሉ። ከቢቸና አዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞጣ አዲስ አበባ 370፤ ከሞጣ ባሕር ዳር 120፤ ከቢቸና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር 225 ብለን እንያዝ። የቢቸና ጤፍ ወደ አዲስ አበባ፣ የሞጣ ጤፍ ወደ ባሕር ዳር ቢሄድ ጠቅላላው ጉዞ 207,000 ኩንታል በኪሎ ሜትር ይሆናል። አንዱ ተሳስቶ የሞጣውን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ፣ ከቢቸናው 400 ኩንታል ወደ ባሕር ዳር ቢሰድድ ግን 291,000 ይደርሳል። ያው ጤፍ፣ ያው ከተማ፣ ወጪው ግን በ100 እጅ 40 ጨመረ። የጨመረው ነዳጅ፣ ጎማና የሾፌር አበል ነው፤ መጨረሻም እንጀራችን ላይ ያርፋል።

"ይህንንማ ማንም የአይሱዙ ሾፌር ያለ ኮምፒዩተር ይነግርሃል" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሁለት ከተማና ሁለት ገበያ ሲሆን። ወረዳው ሃምሳ፣ ገበያው ሠላሳ፣ እህሉም ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ስንዴና በቆሎ ሲሆን፣ መጋዘኑ የሚሞላበት ቀን፣ መኪናው የሚገኝበት ቀን ሲጨመርበት ግን የማንም ጭንቅላት አይችለውም። ኮምፒዩተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሳይሰላ ሲቀር የሚሆነውንም አይተናል። በ1993ና በ1994 ዓ.ም በቆሎ ከመጠን በላይ ተገኘና ዋጋው ተንኮታኮተ፤ ለማሳጨጃና ለማጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ ከሽያጩ በልጦ ማሳ ላይ የተተወ እህል ነበር። በዓመቱ፣ በ1995፣ ዝናብ ቀረና 13 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የእርዳታ ያለህ አለ! ትርፉን የሚያስቀምጥ መጋዘን፣ ከተትረፈረፈበት ወደ ጎደለበት የሚያመላልስ ዕቅድ ቢኖር ኖሮ ችግሩ ሁሉ ባይጠፋ እንኳ ይቀል ነበር።

ለእርዳታ እህል ሲሆን ሒሳቡ ተሠርቷል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከሆላንዱ ቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ኦፕቲመስ የሚባል የማስሊያ መሣሪያ አበጅቶ በየአገሩ እየተጠቀመበት ነው፤ የትኛው እህል ከየት ተገዝቶ፣ በየትኛው ወደብ ገብቶ፣ በየትኛው መንገድ ቢሄድ ብዙ ሰው እንደሚመግብ ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዘርፉ ትልቅ የሚባለውን የኤደልማን ሽልማት ተሸልሞበታል። እሰየው ነው! ለተራበ ሰው የሚመጣ ስንዴ ሞዴል ካገኘ፣ ያልተራበው ገበሬ ያመረተው ጤፍ ሞዴል የሚያገኘው መቼ ነው? እስኪራብ ይጠበቅ?

አሁን ወደ አህያዋ ልመለስ።

ሞዴል ሲሠራ ከሁሉ በፊት አንድ መስመር ይጻፋል። ባለሙያዎቹ የዓላማ ቀመር ይሉታል። "ይህንን ወጪ አሳንስልኝ" የሚል ትዕዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ታዛዥ ነው፤ የተባለውን ያሳንሳል፣ ያልተባለውን ዞር ብሎ አያየውም። እንግዲህ ጥያቄው "ሒሳቡ ትክክል ነው ወይ?" አይደለም። ሒሳቡማ ሁልጊዜ ትክክል ነው። ጥያቄው "የማን ወጪ ነው የሚያንሰው?" ነው። ይህንን የሚወስነው ኮምፒዩተሩ አይደለም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ማዳበሪያን እንውሰድ። (አማርኛችን ጆንያውንም "ማዳበሪያ" ብሎ መጥራት ከጀመረ ቆይቷል። ጤፉ ወደ ከተማ የሚሄደው በማዳበሪያ ነው፤ ቀልድም አይደለም።) አንድ ወረዳ 1,000 ኩንታል ማዳበሪያ መጣለት እንበል፤ ይህም ምሳሌ ነው። አንደኛው አማራጭ ሁሉንም ከተማ ውስጥ፣ አስፋልት ዳር ባለ አንድ መጋዘን ማራገፍ ነው። ሁለተኛው በአማካይ 12 ኪሎ ሜትር ገባ ብለው ባሉ አምስት ቀበሌዎች ማከፋፈል ነው። የመጓጓዣ ወጪ ይነስ ተብሎ የታዘዘ ሞዴል አንደኛውን ይመርጣል። መኪናው አስፋልት አይለቅም፣ ስፕሪንጉ አይሰበርም፣ ሪፖርቱም ያምራል።

ገበሬውስ? በአማካይ 12 ኪሎ ሜትር መጥቶ 12 ኪሎ ሜትር ይመለሳል። አንዲት ጎበዝ አህያ አንድ ኩንታል ብትችል አንድ ሺህ ምልልስ፣ 24,000 ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ ነው። ቀበሌው ውስጥ ተራግፎለት ቢሆን፣ 3 ኪሎ ሜትር ሄዶ 3 ቢመለስ፣ 6,000 ኪሎ ሜትር በሆነ። ልዩነቱ 18,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰውም አህያም በእግር የሚሄዱት። ለዚህ ሲባል 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ተጨማሪ የሚሄደው ስንት ነው? 20 ምልልስ በ24 ኪሎ ሜትር፣ 480 ኪሎ ሜትር ብቻ! 480 የመኪና ኪሎ ሜትር ለማትረፍ 18,000 የአህያ ኪሎ ሜትር ተከፈለ። የመኪናው ደረሰኝ አለው። የአህያዋ ደረሰኝ የለውም። ሞዴሉ ውስጥ ዜሮ ሆና የተጻፈችው ስለዚህ ነው።

ይህንን የእኔ ወሬ ነው የሚል ካለ ጥናት ልጥቀስ። ባርት ሚንተን፣ ቤተልሔም ኮሩና ዴቪድ ስቲፈል እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ማዳበሪያ ገበሬው እጅ እስኪደርስ የሚወጣውን ወጪ ለካ። ውጤቱን ሳነበው ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ከማከፋፈያው ጣቢያ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚኖር ገበሬ ለዚያች 10 ኪሎ ሜትር በጉዞና በእንግልት የሚያወጣው፣ ማዳበሪያው ከባሕር ወደቡ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ማከፋፈያው ጣቢያ እስኪደርስ ከወጣበት ጋር የሚስተካከል ነው! አንድ ሺሁን ኪሎ ሜትር በጨረታ፣ በኮሚቴ፣ በሞዴል እናቅዳለን። አሥሯን "ከወሰን ውጪ" ብለን እናልፋለን።

ሌላም ልጨምር። ባለሥልጣኖቻችን ጤፍ በተወደደ ቁጥር "ደላላው ነው፣ ስግብግቡ ነጋዴ ነው" ይላሉ። ሚንተንና ባልደረቦቹ ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ ጤፍ አምራች ዞኖችን ተከትለው እስከ አዲስ አበባ ባደረጉት ሌላ ጥናት ግን፣ በላተኛው ከሚከፍለው የችርቻሮ ዋጋ ውስጥ አራት አምስተኛው ገደማ ገበሬው እጅ እንደሚደርስ ነው ያገኙት። ደላላን ጻድቅ ነው ማለቴ አይደለም። እህል በረንዳ ቆሞ በስልክ "ሞጣ ስንት አለህ? ቢቸና ስንት ገባ?" የሚለው ሰውዬ ግን ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ሞዴል ነው። የዛሬውን ዋጋ፣ የዛሬውን መኪና፣ የዛሬውን ኬላ ያውቃል። ሞዴል ሠሪዎቻችን ከሱ ጋር አንድ ሳምንት ቢቀመጡ የስድስት ወር መጠይቅ ይቀርላቸዋል። እሱን አሳደው ሲጨርሱ ደግሞ "መረጃ አጣን" ይሉናል።

መረጃ ካልን ዘንድ፣ ቢቸናና ሞጣ ላይ ቁጥር ይዞ መምጣት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ማወቅ ደግ ነው። እዚያ ቁጥር ታሪክ አለው።

በ1960 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ጣለ። ግብሩ የሚተመነው በገማች ነበር፤ ሰውዬው ማሳው ዳር ቆሞ "ከዚህ ይህን ያህል ይገኛል" ይልና ይጽፋል። የጎጃም ገበሬ ይህንን "ቀላድ ሊጣልብኝ፣ ርስቴ ሊለካብኝ ነው" ሲል ተረጎመው። ገማች አላስገባም አለ። አመጹ ጠንክሮ ከተነሳባቸው አውራጃዎች ዋነኞቹ እነማን ነበሩ? ቢቸናና ሞጣ! ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ተላከ። መጨረሻው ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነስተው ውዝፉ ግብር ተማረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰዎቹ ነፍጥ ያነሱት በአንድ ግምት፣ በአንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ዝቅ ወይም ከፍ ያለ መሆኑ ብቻ አልነበረም ነገሩ። ማን ጻፈው? ለምን ሊጠቀምበት? የሚለው ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። እሱም ሞዴል ነበረው፤ ስሙ ኮታ ይባላል። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቋመና ለክፍለ ሀገሩ፣ ለአውራጃው፣ ለገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ኩንታል ተብሎ ከላይ ወደ ታች ተደለደለ። በጎጃምና በአርሲ የግል ነጋዴው ከእህል ንግድ ተባረረ። በየመንገዱ ኬላ ተተከለ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምን ጎደለው? አቅርቦት አለ፣ ፍላጎት አለ፣ ማጓጓዣ አለ። ገበሬው ግን ኮታው ከምርቱ በላይ ሲሆንበት፣ እህል ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር! ይህንን የሰማ ሞዴል ሠሪ ሊስቅም ሊያለቅስም ይችላል። የካቲት 1982 ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የኮታው ጉድ አበቃ፤ ትዝታው ግን አላበቃም።

ዛሬ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መዝገብ ይዞ "ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገኙ?" ሲል ገበሬው መጀመሪያ የሚያስበው ጤፉን አይደለም። "ለምንድን ነው የጠየቀኝ?" ብሎ ነው የሚያስበው። ግብር ከሆነ ቀንሶ ይናገራል። ማዳበሪያ ሊሰጠው ከሆነ መሬቱን ያበዛዋል። ሠራተኛው ደግሞ ዕቅዱን "መቶ በመቶ" ማሳካት አለበትና አለቃውን ደስ የሚያሰኝ ቁጥር ይጽፋል። ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ማሳ ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር ቀንብቦ፣ አጭዶ፣ መዝኖ የሚያወጣው ቁጥርና በግብርናው መዋቅር በኩል የሚመጣው ቁጥር ሳይገናኙ የቀሩባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። ሞዴሉ የትኛውን ይብላ? የተበላሸ እህል የገባበት ወፍጮ የተበላሸ ዱቄት ያወጣል፤ ወፍጮው የጀርመን ቢሆንም።

ስለዚህ ገበሬው እውነተኛውን ቁጥር እንዲናገር ከተፈለገ ከቁጥሩ የሚያገኘው ነገር መኖር አለበት። ቀበሌው ይህን ያህል ማዳበሪያ ተመድቦለታል፣ መኪናው በዚህ ቀን ተነስቷል፣ በዚህ ቀን ይደርሳል ተብሎ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍለት። ያኔ የሰጠው ቁጥር ምን እንዳመጣለት ያያል። አሁን ግን ቁጥሩ ይሄዳል እንጂ አይመለስም።

የ2015 ዓ.ም ክረምት መግቢያን የሚረሳ የለም። የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ ሰኔ ላይ እስከ ባሕር ዳር ወጥቶ ጮኸ። የመንግሥት ሰዎች ግዥ ዘገየ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የዓለም ገበያ አሉ። ይሁን፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። በሞዴል ቋንቋ ግን ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳበሪያ ኩንታሉ ብቻ ሳይሆን ቀኑም የሸቀጡ አካል ነው። በቆሎ ተዘርቶ ካበቃ በኋላ የደረሰ ዳፕ ለበቆሎው ዳፕ አይደለም፤ የዓመት ዕዳ ነው። ጤፍ ሐምሌ ላይ ሲዘራ መንገዱ ዋልካ ሆኖ መኪና አይገባም። ግንቦት ላይ በመኪና የሚደርሰው ቀበሌ ሐምሌ ላይ በአህያም ያዳግታል። ካርታው ላይ ግን መስመሩ በጋም ክረምትም አንድ ውፍረት ነው ያለው።

"መኪናው ማዳበሪያ አድርሶ ሲመለስ ጤፍ ጭኖ ይምጣ፣ ባዶ ጉዞ ይቀራል" የሚል ሐሳብም በዚያው ስብሰባ ተነስቶ ነበር። ሲሰሙት ያምራል። ጤፍ የሚወቃው ከኅዳር በኋላ ነው፤ በብዛት የሚሸጠው በታኅሣሥና በጥር፣ ዕዳ ሲመጣና ሠርግ ሲደርስ ነው። ማዳበሪያው ደግሞ በጥድፊያ የሚሮጠው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ሁለቱ እንዲገናኙ ወይ ማዳበሪያው በበጋ ቀድሞ መግባት አለበት፣ ወይ ጤፉ እስከ ግንቦት የሚቆይበት ደህና መጋዘን ቀበሌው ውስጥ መኖር አለበት። ሁለቱም ይቻላል። ሁለቱም ግን የቁልፍ መጫን ጉዳይ ሳይሆን የገንዘብና የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ደግሞ አሁን መንገዱ ራሱ አለ ወይ? ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልሉ ጦርነት ከገባ ጀምሮ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ነው የከረመው። መኪና ከነጭነቱ ቀናት ይቆማል፣ ሾፌር ይታገታል፣ ኬላው ይበዛል። ከዚያም በፊት፣ በ2015 የካቲትና መጋቢት፣ አዲስ አበባ ላይ ጤፍ ድንገት ሲሰቀል ነጋዴዎች "እህላችን በየኬላው ቀረ" እያሉ አቤት ሲሉ ነበር። ሞዴል ሠሪዎች ለተዘጋ መንገድ የሚሰጡት መፍትሔ አለ። በጣም ትልቅ ቁጥር ይጽፉበታል፤ ኮምፒዩተሩ ፈርቶ አይሄድበትም። ብልህ ዘዴ ነው። ኮምፒዩተሩ ሌላ መንገድ ይመርጣል። ሞጣ ግን ሌላ መንገድ ከየት ታምጣ?

የሞጣ ሰው መንገድ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ከአያቱ ያውቃል። ከሞጣ ወረድ ብሎ ዓባይ ላይ ያለው የፋሲል ዘመን ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ስለሰበሩት "ሰባራ ድልድይ" ተብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጎጃምና ጎንደር ሊገበያዩ ሲፈልጉ ሰውን በገመድ አስረው ከአንዱ አፋፍ ወደ ሌላው ይጎትቱ ነበር። አዎን፣ በገመድ! በ1994 ዓ.ም ገደማ የውጭ በጎ አድራጊዎች በብረት ጠገኑት፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ ከፍ ብሎ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እዚያ ድልድይ ላይ መኪና አያልፍም። ስለዚህ የመኪና መንገድ ብቻ በሚቆጥር ሞዴል ውስጥ የለም። ሰው ግን ያልፍበታል። ገበያም ያልፍበታል።

ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው ትሉኝ ይሆናል። ሞዴሉ ይሠራ! ነገር ግን ከአህያዋ ጀርባ ይጀመር። የገበሬው ቀን በብር ተተምኖ የዓላማው መስመር ላይ ይጻፍ፤ የአንድ ቀን የጉልበት ሠራተኛ ዋጋ ቢቸና ላይ ስንት እንደሆነ ማንም ይነግራችኋል፣ እሱን ያዙ። መንገዱ ለበጋና ለክረምት ሁለት ቁጥር ይሰጠው። የግብር ሰዎች የሞዴሉን መዝገብ እንዳይነኩት በሕግ ይታጠር፤ ያ ካልሆነ የ1960ው ገማች በኮምፒዩተር ተመለሰ ማለት ነው። እንዲሁም ውጤቱ የሚኒስትር ጠረጴዛ ላይ ብቻ አይቅር። አማርኛ ሆኖ፣ በአንድ ገጽ፣ ገበሬው ዘንድ ይድረስ።

ከስብሰባው ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ቢቸና ሄጄ ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ ገና ሳይነጋ ወደ ከተማዋ መግቢያ ወጣሁ። ሁለት አህያ የጫኑ አንድ አዛውንት አገኘሁ።

"እንዴት አደሩ አባቴ? ከየት ተነሱ?"

አገራቸውን ነገሩኝ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የተነሳሁት። መመለሻው ደግሞ አለ።"

"ዋጋው ካልተስማማዎት መልሰው ይወስዱታል?"

ቆም ብለው አዩኝ። "ምን ነካህ ልጄ? ይህችን ሸክም ይዛ መጥታ፣ ያንኑ ተሸክማ ዳገቱን ትውጣ? የሰጡኝን ተቀብዬ እሄዳለሁ እንጂ።"

ትንሽ አብረን ሄድን። የመኪናው መናኸሪያ አካባቢ ስንደርስ ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ በአገጫቸው እያሳዩ፣

"አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ ዛሬ ነጭ ጤፍ አዲስ አበባ ስንት ገባ?" አሉኝ።

ስልኩን አወጣሁ። ኔትወርክ አልነበረም።